ክራንቻው ሲቆረጥ አደጋው አብሮ ይቆረጣልን?

በወሎ ቆላና ወይና ደጋ፣ በቃሉም ሆነ በተሁለደሬ፣ ማሽላ በሚያሽትበት ወራት ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ የዋለ ሰው የዝንጀሮን ክራንቻ አቅልሎ አያይም። አውራው ዝንጀሮ አፉን በሰፊው ከፍቶ ሲያዛጋ የሚያሳየው ያ ረጅም ጥርስ ውሻ ዘንጥሎ ሊጥል እንደሚችል እረኛ ልጅ ሳይቀር ያውቃል። ስለዚህ በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ጦጣዎች እንደሚኖሩ፣ ደም እንደሚወሰድባቸው፣ መርፌ እንደሚወጉና ከአንዱ ኬጅ (የፍርግርግ ቤት) ወደ ሌላው እንደሚዛወሩ የሰማ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ታዲያ ክራንቻውን ለምን አይቆርጡትም?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በእርግጥም ለረጅም ጊዜ ሲቆረጥና ሲነቀል ኖሯል። ሆኖም ጤነኛ ክራንቻን መቁረጥ ለሠራተኛው የሚሰጠው ደኅንነት ሲመረመር ከሚገመተው እጅግ ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ በእንስሳው ላይ የሚያመጣው ጣጣ ደግሞ ከሚገመተው የበዛ ነው።

ጥያቄው ከእኛ ገበሬ አፍ ሲወጣ መነሻው ግልጽ ነው። ተዋጊ በሬ ሲያስቸግር የቀንዱን ጫፍ በመጋዝ መቁረጥ የታወቀ ዘዴ ነው፤ በሬው ሳይደማ በነጋታው ይጠመዳል። የቀንድ ጫፍ ደምና ነርቭ የለውም፤ ሕያው የሆነው አጥንት ያለው ወደ ሥሩ ነው። የጥርስ አፈጣጠር ግን ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። ጥርስ ከውጭ ኢናሜል በተባለ፣ በሰውነት ውስጥ ካለው ሁሉ በሚጠነክር ሽፋን የተለበጠ ነው። ከኢናሜሉ ሥር ዴንቲን አለ፤ በዴንቲኑ መካከል ደግሞ ደም ሥርና ነርቭ የሚተላለፍበት ፐልፕ የሚባል ለስላሳ ሕያው ሥጋ ይገኛል። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ነርቩ ተነክቷል» የተባለ ሰው የዚህን ሥጋ ሕመም በሚገባ ያውቀዋል። በወጣት ጦጣ ክራንቻ ውስጥ ፐልፑ ሰፊ ሲሆን ወደ ጫፍ ተጠግቶ ይደርሳል፤ እየጠበበ የሚሄደው እንስሳው ዕድሜው ሲገፋ ነው። ክራንቻን እስከ ፊት ጥርሶች ቁመት ድረስ የሚያሳጥር ሰው እንግዲህ ሕያው ሥጋ እየቆረጠ ነው ማለት ነው።

በቤተ ሙከራ በብዛት የሚያዙት ማካክ የተባሉ የእስያ ጦጣዎች ናቸው፤ ከእነሱም ሪሰስና ረጅም ጭራ ማካክ ይበዛሉ። እነዚህም ሆኑ የአፍሪካ ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች ልክ እንደ ሰው 32 ቋሚ ጥርሶች አሏቸው። ከሰው በጉልህ የሚለዩት በክራንቻቸው ነው፤ በተለይ በወንዱ። የላይኛው ክራንቻ የኋላ ጠርዝ አፍ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ከታችኛው መንጋጋ የመጀመሪያ የጎን ጥርስ ጋር እየተፋተገ ስለሚሳል ስለት ያወጣል። ከድድ ውጭ የሚታየው ረጅም ቢሆንም፣ በአጥንት ውስጥ የተቀበረው ሥሩ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ይህን ማወቅ ቀጥሎ ለሚመጣው ነገር ሁሉ መሠረት ነው።

አሠራሩ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው መንቀል ነው። የታችኛው ክራንቻ ሥር የመንጋጋውን አጥንት ሰፊ ክፍል ስለያዘ ሲነቀል አጥንቱ ይሳሳል፣ ሊሰበርም ይችላል። የላይኛው ክራንቻ ሥር ከአፍንጫ ክፍል የሚለየው ስስ ግድግዳ ስለሆነ ሲነቀል ከአፍ ወደ አፍንጫ የሚያሾልክ ቀዳዳ ሊከፈት ይችላል። ሁለተኛው ጥርሱን በመቁረጫ ጉጠት ቀንጥቦ መተው ነው፤ ይህ በእኔ እምነት በምንም ምክንያት ሊደረግ የማይገባው ነው። ጥርሱ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ፐልፑ ተከፍቶ ይቀራል፤ የአፍ ባክቴሪያ ይገባበትና ሥጋው ይሞታል። ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ ከሥሩ ጫፍ መግል ይቋጥራል፣ ከዓይን በታች ያለው ፊት ያብጣል። እስከዚያው ግን ጦጣው የታመመ አይመስልም፤ በመንጋ ኑሮ ድካሙን ያሳየ ደረጃውን ስለሚነጠቅ ጦጣ ሕመሙን ይሸሽጋል። በዚያው በሚያመው ጥርስ እየበላ፣ ወደ ሠራተኛው ሲጠጋ ግን ቁጣው እየጨመረ ይሄዳል። አያያዙን ያቀልላል ተብሎ የተሠራው ነገር እንስሳውን ይበልጥ የሚያስቆጣ ሕመም ተክሎበት ይቀራል።

ሦስተኛውና በጥርስ ሕክምና ሙያ ተቀባይነት ያለው ጥርሱን አሳጥሮ ፐልፑን በሕይወት ማቆየት ነው። ይህን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል፣ ምክንያቱም «ትንሽ ቆረጥ ማድረግ» የሚለው አነጋገር ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እንስሳው ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ወደ መተንፈሻው ቱቦ ይገባለታል፤ ውሃና የጥርስ ብናኝ ወደ ሳንባ እንዳይወርድ ጉሮሮው በፋሻ ይደፈናል። ሥሩ ጤነኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ራጅ ይነሣል። አፉ ክሎርሄክሲዲን በተባለ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ይታጠባል። ከዚያ ጥርሱ በአልማዝ መቁረጫ፣ ውሃ ሳይቋረጥ እየፈሰሰበት ይቆረጣል፤ ውሃው ለአፍታ ቢቋረጥ ሙቀቱ ፐልፑን ይገድለዋል። በተቆረጠው ገጽ መካከል ደም የምታወጣ ቀይ ነጥብ ትታያለች። ሐኪሙ በንጹሕ መሰርሰሪያ ከላይኛው ፐልፕ ጥቂት ሚሊሜትር ያነሣና ሕዋሱን በሚያረጥብ ጨዋማ ፈሳሽ የተነከረ ንጹሕ ጥጥ ጫን አድርጎ ይጠብቃል። ደሙ በደቂቃዎች ውስጥ ካልቆመ ፐልፑ ቀድሞውኑ ተቆጥቷልና ሕክምናው አይሳካም፤ ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ከቆመ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ከ1990ዎቹ ወዲህ በጥርስ ሕክምና የተስፋፋው ኤምቲኤ የተባለ ማዕድናዊ ሲሚንቶ በላዩ ይደረጋል፤ ከዚያም በላይ ሌላ መሙያ ተጨምሮ ይታሸጋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የሕመም ማስታገሻ ይከተላል፤ ከወራት በኋላም እንደገና በማደንዘዣ አስተኝቶ ሥሩ መዳኑን በራጅ ማየት ግዴታ ነው። ይህ ሁሉ ለአንድ ጥርስ ነው፤ ክራንቻ ደግሞ አራት ነው።

ይህ ሁሉ በትክክል ተሠርቷል እንበል። ሠራተኛው ከምን ዳነ? ጥልቅ ከሆነ ቅደት፣ ጅማትና ደም ሥር ከሚበጥስ ንክሻ በከፊል ድኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። የመንጋጋው ኃይል ግን እንዳለ ነው። የፊት ጥርሶቹና የጎን ጥርሶቹ ቆዳ ይበሳሉ፣ ጣት ያደቅቃሉ። ከሁሉም በላይ ምራቁ አልተለወጠም።

ከማካክ ጋር የሚሠሩ ሰዎች ከቁስሉ ይልቅ የሚፈሩት ምራቁን የሆነው ሄርፒስ ቢ በተባለው ቫይረስ ምክንያት ነው። ቫይረሱ በማካክ ላይ ቢበዛ አፍ ላይ ትንሽ ቁስል ያወጣል፤ ከዚያ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ እንስሳው ሲጨነቅ ወደ ምራቁ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ወደ ሰው ሲገባ ግን አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን ያጠቃል፤ ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል። መጀመሪያ የታወቀው በ1932 በኒውዮርክ ጤነኛ በሚመስል ሪሰስ የተነከሰ ወጣት ሐኪም በሞተ ጊዜ ነበር፤ ኋላ በፖሊዮ ክትባቱ ስሙ የገነነው አልበርት ሳቢን ቫይረሱን ካጠኑት መካከል ነበረ። ከዚያ ወዲህ የታወቁት ሕሙማን በአስሮች የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው፤ በሽታው ብርቅ ነው። ነገር ግን ከሞቱት መካከል ሁለቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በ1997 በአሜሪካ አትላንታ አካባቢ በሚገኝ የምርምር ማዕከል የምትሠራ የ22 ዓመት ወጣት ከሪሰስ አካል የተረጨ ፈሳሽ ዓይኗ ውስጥ ገብቶባት ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሞተች። በ2021 ደግሞ ቤጂንግ ውስጥ የሞቱ ሁለት ጦጣዎችን ከፍቶ የመረመረ የእንስሳት ሐኪም በዚሁ ቫይረስ ሕይወቱ አለፈ። ሁለቱንም ጦጣ አልነከሳቸውም። የዓለም ክራንቻ ሁሉ ቢቆረጥ ኖሮ ሁለቱንም አያተርፋቸውም ነበር፤ ወጣቷን ሊያተርፋት ይችል የነበረው የዓይን መከለያ፣ ዓይንን ወዲያው አሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብና ቶሎ የሚሰጥ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ነበር።

ከዚህ የሚከፋው ክራንቻው የተቆረጠ እንስሳ በሠራተኛው ልብ ውስጥ የሚፈጥረው ስሜት ነው። «ይሄኛውማ ጥርስ የለውም» የተባለለት ጦጣ ፊት ጓንት ይወልቃል፣ መከለያው ግንባር ላይ ይሰቀላል፣ ሁለት ሰው ሊሠራው የሚገባውን አንድ ሰው ይሠራዋል። በቀሩት ጥርሶች የተፈጠረ ትንሽ ጭረት ደግሞ ለአለቃ ሳይነገር ይታለፋል። ትንሿን ጭረት መናቅ ለቢ ቫይረስ የተመቸ በር ነው።

የሙያው ባለሥልጣናትም ወደዚሁ መደምደሚያ ደርሰዋል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2006 የጦጣዎችንና የዱር ሥጋ በሎችን ክራንቻ ለአያያዝ ሲባል መንቀልም ሆነ ማሳጠር ከእንግዲህ ተገቢ የእንስሳት ሕክምና ተደርጎ እንደማይቆጠር አስታውቋል። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም ጤነኛ ጥርስ ለሕክምና ወይም በገምጋሚ ኮሚቴ ለጸደቀ ምርምር ካልሆነ በቀር እንዲነቀል ወይም እንዲያጥር አይደግፍም፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ እንስሳው በቀሩት ጥርሶቹ ከባድ ጉዳት ማድረስ እንደሚችልና ድርጊቱ የጠባዩን መንስኤ እንደማይነካ ይናገራል። በግጭት ተሰብሮ ፐልፑ የተከፈተ ክራንቻ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያንን አክሞ ማሳጠር ወይም መንቀል እንስሳውን ከሥቃይ ማዳን ስለሆነ ማንም አይቃወመውም።

እንግዲህ ጥርሱን ካልነኩ በምን ይያዝ? የቀድሞው መንገድ መረብና የቆዳ ጓንት ነበር። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የኋላ ግድግዳው ወደ ፊት የሚሳብ ኬጅ ነው፤ ጦጣው ወደ ፍርግርጉ ይጠጋና ጭኑ ላይ ኬታሚን የተባለ ማደንዘዣ ይወጋል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይደክማል። ይህ ለሠራተኛው ከጥርስ መቁረጥ ሁሉ የሚሻል መከላከያ ነው፤ የተኛ እንስሳ አይነክስምና። ሆኖም ግድግዳው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንስሳው ስለሚሸበር፣ ከሽብሩ የተነሣ የሚወጣው ሆርሞን የደም ስኳሩንና የነጭ ደም ሕዋሱን ቁጥር ያዛባዋል፤ መድኃኒት እየፈተነ ላለ ተመራማሪ ይህ የውጤት ብክለት ነው።

ከሁሉ የተሻለው እንስሳውን ማለማመድ ነው። አለማማጁ ኬጁ ፊት ይቀመጣል፤ ጦጣው ወደ ትንሿ መስኮት ሲጠጋ ብቻ ዘቢብ ወይም ጭማቂ ያገኛል። ይህን ሲለምድ ሽልማቱ የሚገኘው እጁን ወይም እግሩን በመስኮቷ ሲያወጣ ይሆናል። ቀጥሎ የወጣውን እግር ሰው ሲነካው ዝም ብሎ መቆየት፣ ቀጥሎ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ቆዳው ላይ ሲያርፍ አለመሸሽ፣ በመጨረሻም እውነተኛው መርፌ። በአንዱ ደረጃ ከደነገጠ ወደ ቀደመው ይመለሳል እንጂ አይገደድም፤ አይቀጣምም። በየዕለቱ የሚፈጀው ደቂቃዎች ቢሆንም ድምሩ ሳምንታት ነው፣ ለአንዳንዱ ፈሪ እንስሳ ከዚያም በላይ። ሳምንታቱ ሲያልቁ ግን ጦጣው ራሱ እግሩን አውጥቶ ይሰጣል፤ የሰው እጅ ወደ ኬጁ ውስጥ መግባቱ ይቀራል። ንክሻ የሚደርሰው ደግሞ እጅ ሲገባ ነው። ጦጣዎቹ እርስ በርስ በመነካከሳቸው ምክንያት ክራንቻ ይቆረጥ የሚባልም አለ፤ ለዚህም መልሱ ከጥርሱ ይልቅ ከአኗኗሩ ይገኛል። የሚስማሙትን ማጣመር፣ ደካማው ከኃይለኛው ዓይን የሚሰወርበት ግድግዳ ማቆም፣ ምግብን በአንድ ገንዳ ሳይሆን በብዙ ቦታ መበተን ጠቡን ያበርደዋል። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ጭላዳዎችን የተመለከተ ሰው ይህን በተፈጥሮው አይቶታል፤ ወንዱ ጭላዳ የላይ ከንፈሩን እስከ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ክራንቻውን ሲያሳይ ብዙ ጊዜ ተቀናቃኙ ይሸሻል፣ ሳይነካከሱም ይለያያሉ። ክራንቻ ከመንከስ ይልቅ ለማሳየት ነው የሚውለው፤ የተቆረጠበት ወንድ ይህን መነጋገሪያውን ያጣል።

ጉዳዩ አሁን የሚያነጋግረው የጦጣ አቅርቦት ስለጠበበ ጭምር ነው። ቻይና በ2020 ወደ ውጭ መላኩን አቆመች፤ የኮቪድ ክትባት ፍለጋው ፍላጎቱን ከፍ አደረገው፤ ረጅም ጭራ ማካክ በ2022 ሊጠፉ ከተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ገባ። በሚያዝያ 2025 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ለተባሉ (በቤተ ሙከራ ከሚመረቱ የመከላከያ ፕሮቲኖች ለሚሠሩ) መድኃኒቶች የእንስሳት ሙከራን ደረጃ በደረጃ የመተው ዕቅድ አወጣ። የቀሩት እንስሳት ውድ ሲሆኑ አንዱ ጦጣ ለብዙ ዓመት፣ ለብዙ ጥናት ይቆያል ብዬ አስባለሁ፤ ለብዙ ዓመት የሚቆይ እንስሳ ደግሞ በአፉ ውስጥ የሚያመረቅዝ ጥርስ ይዞ መቆየት የለበትም።

በወሎ የማካክ ቤተ ሙከራ የለም፤ ማካክም በአገራችን አይኖርም። ያሉን ጭላዳ፣ ዝንጀሮ፣ ጦጣና ጉሬዛ ናቸው፤ እነዚህ በተፈጥሯቸው የቢ ቫይረስ ተሸካሚ አይደሉም። ሆኖም በደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ትምህርቱ በአብዛኛው በከብት፣ በበግና በፍየል ላይ ያተኮረ ቢሆንም፣ ነገ በወረዳ ሲመደብ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ ሊያገኘው ይችላል። እናቱ የሞተችበትን ግልገል ጦጣ ከማሽላ ማሳ አንሥቶ፣ ወገቡን በገመድ አስሮ ያሳደገ ሰው ጦጣው ሲጎረምስ ልጆች መንከስ ሲጀምርበት «ዶክተር፣ ክራንቻውን ንቀሉልኝ» ብሎ ሊመጣ ይችላል። መልሱ እምቢታ መሆን አለበት። አንደኛ፣ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ መገኘት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ጉዳዩ ወደ ዱር እንስሳት ባለሙያዎች መመራት አለበት። ሁለተኛ፣ ራጅና የጥርስ መሣሪያ በሌለበት ክሊኒክ የሚሠራው ከላይ የተወገዘው ቀንጥቦ መተው ብቻ ነው። ሦስተኛውና ለቤተሰቡ በእርጋታ መነገር ያለበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ዋና ምንጭ ውሻ ነው፤ በበሽተኛ ውሻ የተነከሰ ጦጣ ግን እንደ ማንኛውም አጥቢ እንስሳ ይታመማል፣ ያስተላልፋልም። ጦጣ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ አጥቦ፣ ጠባሳ እንዳይሆን ብሎ ሳይሰፋ፣ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር ሳይጨምርበት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ለነከሰ ውሻና ድመት የሚሠራው አሥር ቀን ይዞ የመጠበቅ ደንብ ለጦጣ አያገለግልም፤ በምራቁ ቫይረሱን ለስንት ቀን እንደሚያወጣ በዚያ መንገድ አይለካምና እንስሳው እስኪታይ ተብሎ ክትባት አይዘገይም። ደንቡ ጥርሱ ለተቆረጠ ወይም ለተነቀለ ጦጣም አይለወጥም፤ የተላጠ ቆዳ ላይ፣ ዓይን ውስጥ ወይም አፍ ውስጥ ምራቁ ከገባ፣ ምንም ጥርስ ባያርፍ፣ ሐኪሙ የሚመዘግበው ቆዳ በስቶ ከገባ ንክሻ ጋር በአንድ ምድብ ነው።